የሲሳዬ ቆዳ

በርቢ፣ ጥጃዋን ሊካፈሉ ለሌላ ሰው የተሰጠች ላም ስትሞት ቆዳዋ ለባለቤቷ ይመጣል። ወጉ ነው። አርቢው ባዶ እጁን መጥቶ «ሞተችብኝ» ቢል፣ ሸጧት ይሆናል ይባላል። ስለዚህ ቆዳዋን ይዘረጋል፣ የጆሮዋን ምልክት ያሳያል፣ ባለቤቱም አይቶ «እግዜር ይተካ» ይላል። ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ማንም ማንንም አይጠረጥርም።

ባልቻ ከገጠር፣ ከኮንጋ፣ ዲላ ድረስ የመጣው ለዚህ ነበር። ቆዳውን በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጫነው። ረዳቱ «ሰውዬ፣ ይሄ ነገርህ ገና ሳንነሳ ሸተተ!» ብሎ ጮኸበት። ከመናኸሪያ እስከ ፀዳለ ግቢ ደግሞ በትከሻው ተሸከመው። ገብቶ ጆንያውን ፈታና መሬት ላይ ዘረጋው። ጨው ነስንሶበታል፤ ዝንቡን ግን ጨው አላቆመውም።

«ይኸው እትዬ ፀዳለ» አለ። «ሲሳዬ ናት። ጆሮውን እዪ። የጋሼ ከፈለኝ ምልክት ነው።»

ከፈለኝ የፀዳለ ባል ነበር፣ ነፍሱን ይማረው። ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ሱቅ ነበረው፤ ባልቻ የዚያ ሱቅ ደንበኛ ነበር። ባሏ ሲሞት ፀዳለ ከተማ ውስጥ ላም ማርባት አልቻለችምና ገና ጥጃ የነበረችውን ሲሳዬን ለባልቻ በርቢ ሰጠችው። ውሉ የታወቀ ነው፦ የመጀመሪያዋ ጥጃ ለባለቤቷ፣ ሁለተኛው ለአርቢው። የመጀመሪያዋ ጥጃ ተወልዳ፣ ጡት ጥላ፣ ለፀዳለ መጥታለች። አሁን የሚወለደው የባልቻ ነበር። ባልቻ በዕድሜው የራሴ የሚለው ከብት ኖሮት አያውቅም።

ፀዳለ «እግዜር ይተካ» ማለት ነበረባት። ሁለት ቃል ነው። አፏ ግን እንቢ አላት። ሲሳዬን ምን እንደገደላት ከእሷ በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረማ።

ነገሩ የመጣው በዚያው ዓመት ሁዳዴ፣ በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ነው። የመጨረሻ ልጇ ወንድይራድ የከብት ትምህርት ተምሮ፣ ላሞችን በመርፌ የማዳቀል ሥራ ውስጥ ገብቷል። ሁለተኛ ዲግሪውንም በዚያው ይማር ነበር። ጎረቤቷ የትምወርቅ በዚህ መቀለድ አይሰለቻትም።

«ፀዳለ፣ ልጅሽ የኮርማ ሚዜ ሆነ አሉ?»

«አንቺ ደግሞ! በጾም አፍሽን ሰብስቢ።»

«እኔ ምን አልኩ? ሠርግ ካለ ጥሩን ነው ያልኩት።»

ፀዳለም መጀመሪያ ላይ ታፍር ነበር። ልጇ አስቀምጦ ካስረዳት በኋላ ግን ኮራችበት። እንዲህ ነበር ያላት፦ የኮርማው ዘር ከእንቁላል አስኳልና ከተጣራ ውሃ ጋር ይበጠበጣል፣ ለብዙ ላም እንዲዳረስ። በዚያ ውስጥ ጀርም እንዳይራባ አንቲባዮቲክ ይጨመርበታል። «ግን እማዬ፣ በየገበያው ኦክሲ የሚሉት አንቲባዮቲክ እንደ ከረሜላ እየተሸጠ ጀርሙ መድኃኒቱን ለምዶታል። ዛሬ ላም ላይ የለመደው ነገ ሕፃን ልጅ ላይ እንቢ ይላል። እኔ መድኃኒቱን አውጥቼ በቦታው ነጭ ሽንኩርትና ማር ላስገባ ነው። የጌዴኦ ማር። ከሠራ ገበሬው ጓሮው ካለው ነገር አገኘ ማለት ነው።»

ፀዳለ ይሄ ገባት። ነጭ ሽንኩርትና ማር ጉንፋን ሲይዘው ስንቴ አብልታዋለች!

መሥሪያ ቤቱ መብራት ስለሚጠፋ ቤቷ ውስጥ በከሰል ምድጃ አዘጋጀው። ነጭ ሽንኩርቱን የላጠችው እሷ ናት፣ የወቀጠችው እሷ ናት። እንቁላሉ ላይ ብቻ ተጣሉ።

«በሁዳዴ ቤቴ ውስጥ እንቁላል አይሰበርም።»

«እማዬ፣ የሚበላው እኮ ሰው አይደለም!»

«ኮርማውስ ቢሆን አይጾምም?» አለች፤ ከዚያ ራሷ ሳቀች፣ ሰበረችለትም።

ሁለት ጠርሙስ ተዘጋጀ። ቀይ ፕላስተር ያለበት እንደ ድሮው አንቲባዮቲክ የገባበት ነው። አረንጓዴ ፕላስተር ያለበት የራሱ ነው፣ ሽንኩርትና ማር የገባበት። ሦስት ላም ከዚህ፣ ሦስት ላም ከዚያ ይደረግላቸዋል፤ ከዚያ ይወዳደራል። ወንድይራድ ውሃውን አፍልቶ፣ ክዳኑን ሳይቀር ቀቅሎ፣ «እማዬ፣ እንዳትነኪው» ብሎ ከጁስ ቤት በረዶ ሊያመጣ ወጣ።

ፀዳለ ብቻዋን ቀረች። አረንጓዴዋን ጠርሙስ አየቻት። ቀዩ መድኃኒት አለው፣ ሰው የሠራው፣ የታወቀ። የልጇ ግን ምን አላት? ሽንኩርትና ማር። አሳዘነቻት። አባት የሌለው ልጅ እንደማየት ያለ ነገር። ጓዳ ገባች። ከፈለኝ ከታመመ ጊዜ ጀምሮ ጸበል የምታስቀምጥበት ቢጫ ጀሪካን እዚያ አለ። በየማለዳው ትጠጣለች፣ በሩ ላይ ትረጫለች፣ ሲጎድል ከላይ ትሞላዋለች። በስመ አብ ብላ ጠርሙሷን ከፈተች። ልኩ እንዳይዛነፍ አንድ የቡና ሲኒ ቀነሰች፣ በምትኩ አንድ ሲኒ ጸበል ጨመረች። መልሳ ከደነችው። «የልጄን እጅ ባርክለት» አለች። ደስ ብሏት ዋለች። ለማንም አልነገረችም፤ መልካም ሥራ በስውር ነው የሚባለውን ታውቃለች።

ከስምንት ቀን በኋላ አረንጓዴው የደረሳቸው ሦስቱም ላሞች ታመሙ። ሁለቱ ዲላ አጠገብ ስለነበሩ ወንድይራድ ራሱ መድኃኒት ወግቶ አዳናቸው። ኮንጋ ያለችው ሲሳዬ ግን ርቃ ነበር። ወንድይራድ ያዳቀላት ቀን ለባልቻ «ውጤቱ እንዳይበላሽ እኔ ሳልመጣ ማንም መርፌ እንዳይወጋት» ብሎታል። ባልቻ ቃሉን ጠበቀ። ላሚቱ ሣር እንቢ አለች፣ ጠበቀ። ከኋላዋ የሚሸት ፈሳሽ ወጣ፣ ጠበቀ። ስልክ ደወለ፣ ኔትወርክ የለም። በሰው መልእክት ላከ፤ መልእክቱ ሲደርስ ላሚቱ ተቀብራለች።

አሁን እንግዲህ ቆዳዋ ግቢው ውስጥ ተዘርግቷል። ወንድይራድ ከቤት ወጣ። ባልቻን ሰላም ሳይል ቆዳው አጠገብ ቁጢጥ አለ። ለሦስት ቀን እንቅልፍ ያልተኛ ሰው ይመስል ነበር።

«ያን ቀን ሳዳቅላት ጭራዋን የያዘው ማን ነው?»

«የኤልቤቴል እናት» አለ ባልቻ። ኤልቤቴል የሁለት ዓመት ልጁ ናት፤ ሚስቱን በልጁ ስም ነው የሚጠራው።

«ኋላዋን ያጠበላትስ?»

«እሷው ናት። አንተ እጠቢ አልካት እኮ።»

«እኔ ታጥበሽ እጠቢ ነው ያልኩት። እጇን በሳሙና ታጥባ ነበር?»

ባልቻ እግሩን አየ። «ታጥባለች… እንጃ። እኔ አላየሁም። እኔ ላሚቱን ይዤ ነበር።»

«አላየህም!» ወንድይራድ ብድግ አለ። «ሌሎቹ ሁለቱ እኮ ድነዋል። የሞተችው ይቺ ብቻ ናት። እጇን ሳትታጠብ ነክታት፣ እዚያ ያለውን ቆሻሻ በሙሉ እኔ በቱቦ ወደ ውስጥ አስገባሁት። የኔ ሽንኩርት ደግሞ ያን ማቆም አልቻለም። አየሽ እማዬ? አለቀ። የሚስቱ እጅ ነው።»

ፀዳለ አየች። የባልቻ ፊት ሲለዋወጥ አየች። ገና ሳያረጅ የሽማግሌ ፊት ሆነ። አሁን በይ፣ አለች ለራሷ። አሁን ተናገሪ። ልጇ ግን አጠገቧ ቆሟል፣ ዓይኑ ቀልቷል፤ «ሥራህን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» ትበለው?

«እግዜር ይተካ» አለች በመጨረሻ፣ ቀስ ብላ።

ባልቻ ጎንበስ ብሎ አመሰገነ። ምሳ ብትለውም አልቀመሰም። ባዶውን ጆንያ አጥፎ በብብቱ ይዞ ሄደ።

ከዚያ ቀን በኋላ ፀዳለ ቤተ ክርስቲያን ትሳለማለች፣ ትሰግዳለች፣ ጸሎቱ ግን ከጣሪያ አያልፍላትም። ለፋሲካ ትቆርብ ነበር በየዓመቱ። ከሆሣዕና በፊት ባለው ዓርብ የንስሐ አባቷ መምሬ ሽብሩ ዘንድ ሄደች። መምሬ ሽብሩ ጨዋታ የሚያውቁ ሰው ናቸው፣ ንስሐ ላይ ግን አይጫወቱም። ሁሉን ነገረቻቸው።

«አባቴ፣ ጸበሉ ነው ላሚቱን የገደላት?» አለች። ከሁሉ የሚያስፈራት ይሄ ጥያቄ ነበር።

መምሬ ሽብሩ መልሰው ጠየቋት። «ጸበሉን በምንድን ነው የምታስቀምጪው?»

«በጀሪካን።»

«ጀሪካኑን መቼ ነው ያጠብሽው?»

ፀዳለ ደነገጠች። «ጸበል የነካው ዕቃ ይታጠባል እንዴ አባቴ? ሳሙና አስነክቼው አላውቅም።»

«ስንት ዓመት?»

«ከፈለኝ ከታመመ ጀምሮ።»

መምሬ ሽብሩ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ዛሬ ቤት ስትገቢ የሰው እግር የማይረግጠው ቦታ፣ ዛፍ ሥር አፍሺው። ከዚያ ውስጡን እዪው። የእግዜርን ውሃ አትክሰሽ ልጄ። የሰጠንን የምንይዝበት ዕቃ ግን የኛ ነው። እና ደግሞ ስሚኝ፤ ያቺ የባላገር ሴት ስሟ ጠፍቶ አንቺ ቁርባን ትቀበያለሽ? መጀመሪያ ልጅሽን፣ ቀጥሎ እነሱን። ከዚያ ወደኔ ነይ።»

ቤቷ ገብታ ጀሪካኑን ጓሮ ካለው ዋንዛ ሥር ገለበጠችው። ከላይ የነበረው ንጹሕ ወረደ። የመጨረሻው ግን አረንጓዴ ነበር፣ ንፍጥ የመሰለ፣ እየተጎተተ ወረደ። ጣቷን ወደ አፉ አስገባች፤ ግድግዳው ያዳልጣል። ስድስት ዓመት በየማለዳው የጠጣችው ይሄን ነው። እሷን ምንም አላደረጋትም። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀመጠች።

ወንድይራድ ሲመጣ ሳታስቀምጠው፣ በቁሙ ነገረችው። መሃል ላይ ካቆመች እንደማትጨርሰው ታውቃለች።

ልጇ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻላት ነበር።

«ስንት ጨመርሽ?»

«አንድ ሲኒ።»

«ለሁለቱም?»

«ለአንዱ። ለአረንጓዴው። የአንተው… ምንም የላትም ብዬ።»

ወንድይራድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። «እየጠጣሽው አልታመምሽም፤ ሆድና ማህፀን ግን አንድ አይደለም» አለ ለራሱ እንደሚናገር። «እንደዚህ ዓይነት ጀርም የቆመ ውሃ ነው የሚወደው። ሽንኩርት የት ያቆመዋል! መድኃኒቱም ያቆመው እንደሆን እንጃ።»

«ይቅር በለኝ ልጄ።»

«ጽፌ አስገብቻለሁ እማዬ። ትናንት። ነጭ ሽንኩርትና ማር የአንቲባዮቲክን ቦታ አይተካም፣ አደጋ አለው ብዬ። አሁን ሌላ ልጅ ይሄን ልሞክር ቢል የኔን ወረቀት አውጥተው ያሳዩታል።»

«ሂድና አስተካክለዋ!»

«ምን ብዬ? እናቴ ጸበል ጨመረችበት ብዬ?» ሳቅ የመሰለ ነገር ከአፉ ወጣ። «ይሥራ አይሥራ አሁን ማንም አያውቅም። እኔም አላውቅም። ላሞቹን አሳመምኩ፣ መሥሪያ ቤቱም ያዋሰኝን ኮርማ መልሶ ወሰደ፣ በቃ።» ከዚያ አንድ ነገር ትዝ ብሎት ቀና አለ። «ባልቻን… የሚስትህ እጅ ነው አልኩት እኮ።»

«ሰኞ እሄዳለሁ።»

አብሬሽ ልሂድ አላላትም። እሷም አልጠየቀችውም። በማግስቱ ሻንጣውን ይዞ አዋሳ እህቱ ጋ ሄደ።

ሰኞ፣ ሰሙነ ሕማማት ገብቷል፣ ዝናብ ሲዘንብ አድሯል። ፀዳለ ይርጋጨፌ ድረስ በመኪና፣ ከዚያ በሞተር፣ ሞተሩ ጭቃው ላይ እንቢ ሲል በእግሯ ሄደች። ስልሳ ዓመት ሊሞላት ነው። ባልቻ ቤት ስትደርስ እሳት የለም፣ የልጅ ድምፅ የለም። ባልቻ ደጃፉ ላይ ብቻውን ተቀምጦ የቀዘቀዘ ቆጮ ይበላል። ከተነሳ በኋላም የጎረሰውን አልዋጠም ነበር።

«እትዬ ፀዳለ! በዚህ ጭቃ?»

«የኤልቤቴል እናት የት ናት?»

«አባቷ ቤት ናት። አሪቻ። ልጅቷንም ወሰደች።» እጁን በሱሪው ጠረገ። «ያን ቀን ከዲላ ስመጣ፣ እጅሽን ታጥበሻል ወይ አልኳት። በሳሙና ታጥቤያለሁ አለች። ውሸትሽን ነው አልኳት፤ የተማረ ሰው ያውቃል አልኳት። እሷም መለሰችልኝ። እኔም…» ቀኝ እጁን አየው፣ የሌላ ሰው እጅ ይመስል። «መታኋት። መትቻት አላውቅም ነበር። ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ላም ገዳይ ይሏታል፣ ውሃ ስትቀዳ።»

ፀዳለ በቆመችበት ነገረችው። ሲኒውን፣ ጀሪካኑን፣ አረንጓዴውን ነገር፣ ግቢ ውስጥ ዝም ማለቷን። ባልቻ ፕሮቴስታንት ነው፤ ጸበል ምን እንደሆነ ግን ያውቃል። እስክትጨርስ አላቋረጣትም።

«ያን ቀን» አለ፣ «እኔ ቆዳ ይዤ ስመጣ፣ አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«እና እግዜር ይተካ አልሽ።»

«አልኩ።»

ማልቀስ ጀመረች። እሱ አላለቀሰም። «የመጀመሪያዋን ጥጃ ያንተ አድርጌያታለሁ» ስትለው፣ «እሱን በኋላ እናወራለን» አለ። ገብቶ ጃኬቱን ለበሰና ወጣ። «ተነሺ። አንቺ ንገሪያት። እኔን አታምነኝም።»

አሪቻ ድረስ በእንሰቱ መሃል፣ በቀጭኑ መንገድ ሄዱ። ሁለቴ አዳልጧት ወደቀች። ሁለቴም እጇን ይዞ አነሳት፣ ፊቷን ግን አላየም።

የኤልቤቴልን እናት አባቷ ደጃፍ ላይ ልብስ እያጠበች አገኟት። ገና ልጅ እግር ናት። ከግራ ዓይኗ ሥር የነበረው ጥቁረት ወደ ቢጫ ተለውጧል። ባልቻን ስታይ አልተነሳችም። ኤልቤቴል «አባ!» ብላ ልትሮጥ ስትል ቀሚሷን ይዛ አስቀረቻት።

ፀዳለ አጥሩ ጋ ቆማ፣ ጎረቤት ሁሉ እየሰማ፣ እንደገና ከመጀመሪያው ተናገረች። ላሚቱን የገደላት የኔ ጀሪካን ነው አለች። እጅሽ ንጹሕ ነበር አለች። አውቄ ዝም አልኩ አለች። አንዲት አሮጊት ከንፈሯን መጠጠች።

የኤልቤቴል እናት ፀዳለን አላየቻትም። ባልቻን ነበር የምታየው። ቀስ ብላ ተነሳች። የቆሸሸውን የልብስ ውሃ ደፋች። ሳፋውን አለቀለቀች። ከጣሳው ንጹሕ ውሃ ቀዳች። እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰበሰበች፣ ሳሙናዋን አነሳች።

«እንዲህ ነው የታጠብኩት» አለች።

መዳፏን አሸች፣ የእጇን ጀርባ አሸች፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ጥፍሮቿን፣ አንጓዋን፣ እስከ ክርኗ ድረስ። አረፋው በእግሯ ላይ ይንጠባጠባል።

«ያ የተማረው ልጅ ያሳየኝ እንዲህ ነው። እንዲህ ነው የታጠብኩት።»

አለቀለቀችና እንደገና ሳሙናውን አነሳች። ባልቻ «ይብቃሽ» አለ። ፀዳለ አጥሩን ይዛ ቆማለች። «እንዲህ» ትላለች ሴትዮዋ፣ «እንዲህ»፣ ሳሙናው ቀጥኖ እጇ ውስጥ እስኪሰበር ድረስ። ከዚያ እጇን በቀሚሷ አደረቀች፣ ልጇን አቅፋ ገባች፣ በሩን ዘጋች።